ካሣው ስንት ነው? ከዚያስ እንዴት ተካፈለ?

«ካሣ ተከፈለ» የሚል ዜና ስንሰማ የአብዛኞቻችን ጆሮ የሚይዘው ቁጥሩን ነው። ይህን ያህል ሚሊዮን ብር፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተባለ እንላለን፤ ዜናውን የሠራው ሰውም ቁጥሩን ርእስ አድርጎ ይዘጋዋል። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ በማን እጅ ገባ? በምን ሒሳብ ተከፋፈለ? ስሙ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው የት ሄዶ አቤት አለ? ይህንን የሚከታተል ግን እምብዛም አይገኝም። እኔም ስለ ፍርድ ቤት ዘገባ ክፍል ውስጥ በተነሣ ውይይት ተነሣሥቼ ጥቂት ሳነብ ቆይቼ፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይጠቅማል ያልኩትን በዚህች ጽሑፍ ለማቅረብ ሞክሬአለሁ። ጉዳዩን የማየው እንደ ሕግ ባለሙያ ሳይሆን ነገ የፍርድ ቤት ዜና እንደሚሠራ ሰው መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

የቡድን ክስ ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት ባደረሰው ጉዳት ሺህ ሰዎች ተጎዱ እንበል። ሺውም በየፊናቸው ቢከስሱ ፍርድ ቤቱም ይጨናነቃል፣ ድኻውም የጠበቃ መክፈያ አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ስለ ሁሉም ሆነው ይከስሳሉ። ይህ የቡድን ክስ ይባላል። በተለይ በአሜሪካ በሰፊው ይሠራበታል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ክስ እስከ ፍርድ አይዘልቅም፤ በመሐል ተከሳሹ «ይህን ያህል ልክፈልና ጉዳዩ ይዘጋ» ይላል፤ በዕርቅ ያልቃል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ጠቅላላው ስንት ይሁን?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ለማን ስንት ይድረሰው?» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሁሉም ወገን ንቁ ነው። ተከሳሹ ለማሳነስ፣ የከሳሾች ጠበቃ ለማብዛት ይታገላል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደረስ ግን ተከሳሹ ከፍሎ ተገላግሏል፤ ገንዘቡን ሰባ ሰው ይውሰደው ሰባት ሰው እሱ ምን ቸገረው? ጠበቃውም የድካሙን ዋጋ ያገኛል። የተከሰሰበትን ቦታ እንኳ የማያውቀው፣ ስሙ ብቻ «እና ሌሎች» በሚለው ውስጥ ያለው ተጎጂ ግን አጠገቡ ማንም የለም።

እኛ ላስታ ውስጥ በሬ በጋራ ተገዝቶ ለቅርጫ ሲታረድ ያየ ሰው ይህን ችግር ወዲያው ይረዳዋል። የበሬው ዋጋ ላይ ክርክሩ ከሻጩ ጋር ነው። ሥጋው ላይ ግን ክርክሩ እርስ በርስ ነው። ስለዚህ ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ይወጣል፤ ከጎድኑም ከሽንጡም ከሆድ ዕቃውም ለየመደቡ ይዳረሳል። መደቡን ያወጣው ሰው ግን የራሱን አይመርጥም። ሁሉም የየራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ሆነ ሳንቲም ወይም ቁልፍ ይሰጥና የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ። ቁም ነገሩ ያካፈለው ሰው ለራሱ እንዳያደላ ከሱ ውጭ የሆነ እጅ መኖሩ ላይ ነው። በቡድን ክስ ውስጥ ያ የውጭ እጅ ዳኛው ነው።

ዳኛው ምን ይመረምራል?

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ይህንን በግልጽ ያስቀምጣል። የቡድን ክስ በዕርቅ የሚያልቀው ዳኛ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ከማጽደቁ በፊት ስምምነቱ ለሚመለከታቸው ሁሉ በተገቢው መንገድ መነገር አለበት፤ ችሎት ተከፍቶ የሚቃወም ካለ ይደመጣል። ዳኛው ስምምነቱ ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና በቂ መሆኑን ይመዝናል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ማሻሻያ ደግሞ የሚመዘነውን በዝርዝር ጻፈው፦ ገንዘቡ ለአባላቱ የሚደርስበት መንገድ ይሠራል ወይ? ጠበቆቹ የሚወስዱት ስንት ነው፣ መቼስ ነው የሚወስዱት? አባላቱስ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ በእኩል ዓይን ታይተዋል ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። «እኩል» ማለት ምን ማለት ነው? ቢያንስ ሦስት መልስ አለው።

አንዱ እንደ ቅርጫው ለሁሉም አንድ ዓይነት ድርሻ መስጠት ነው። ሁለተኛው እንደ ጉዳቱ መጠን ማካፈል ነው፤ ብዙ ያጣ ብዙ ይውሰድ። ሦስተኛው እንደ ችግሩ ማካፈል ነው፤ የባሰበት ይቅደም። የስዊዝ ባንኮች ጉዳይ ለሦስተኛው ጥሩ ምሳሌ ነው። በናዚ ዘመን የተጨፈጨፉ አይሁዶችን ገንዘብ አስቀርተዋል የተባሉት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ1998 በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ታረቁ። ጉዳዩን የያዙት የብሩክሊኑ ዳኛ ኤድዋርድ ኮርማን የክፍፍሉን ዕቅድ የሚያወጣ ጁዳ ግሪቤትዝ የተባለ ባለሙያ ሾሙ፤ ዕቅዱም ተቃዋሚዎች ተሰምተው እ.ኤ.አ. በ2000 ጸደቀ። ንብረታቸው ለተዘረፈባቸው ሰዎች ከተመደበው ውስጥ 75 በመቶው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ለሚኖሩ ድኻ ተጎጂዎች እንዲውል ተወሰነ። አሜሪካ የሚኖሩ ተጎጂዎች «እኛስ?» ብለው ይግባኝ አሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የኮርማንን ውሳኔ አጸና። መልሱን ሁሉም አልወደደውም። ቢሆንም ምክንያቱ ተጽፏል፣ የተቃወመም ተሰምቷል።

ከቢሾፍቱ እስከ ቺካጎ

ወደ እኛ የሚቀርበውን ጉዳይ እንመልከት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 189 ሰዎች አጥቷል። የሁለቱ ድምር 346 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የሟች ቤተሰቦች በቦይንግ ላይ ያቀረቡት ክስ የቡድን ክስ አልነበረም። የእያንዳንዱ ሟች ዕድሜ፣ ሥራና ቤተሰብ የተለያየ ስለሆነ ክሶቹ በየስማቸው ቀርበው ቺካጎ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሰብስበው ታዩ፤ አብዛኞቹም በየግላቸው በዕርቅ አለቁ። ነገር ግን ከነዚያ ክሶች ጎን ለጎን አንድ የጋራ ገንዘብ መጣ። ቦይንግ በወንጀል ላለመከሰስ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ያደረገው ስምምነት ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን 500 ሚሊዮን ዶላር ለሟች ቤተሰቦች ተመደበ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ላሊበላ ላይ ቤዛ ኵሉ የሚዘመርበት የገና ዕለት ነበር።

ገንዘቡን የማከፋፈሉ ሥራ ለኬኔት ፋይንበርግና ለካሚል ባይሮስ ተሰጠ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቦይንግ በራሱ ፈቃድ የሰጠውን 50 ሚሊዮን ዶላር ለየሟቹ ቤተሰብ 144,500 ዶላር አድርገው ያከፋፈሉ ናቸው። 500 ሚሊዮኑም ለ346 ሲካፈል ለአንድ ሟች 1.45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጣ። አብራሪ ይሁን ተማሪ፣ ዲፕሎማት ይሁን ገበሬ ድርሻው አንድ ሆነ። ይህ የቅርጫው መንገድ ነው።

ፋይንበርግ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አላካፈለም። በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ጥቃት ለሞቱት የተቋቋመውን ፈንድ ሲያስተዳድር ሕጉ የሟቹን ገቢ እንዲያይ ያስገድደው ነበር። ስለዚህ አነስተኛው ክፍያ 250,000 ዶላር ሲሆን ትልቁ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሁሉም ሕይወት በእኩል ቢከፈል ይሻል ነበር ብሎ ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቀን የሞቱ የአስተናጋጅና የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነቱን ምን ብለን እናስረዳቸዋለን? በሌላ በኩል ደግሞ ስድስት ልጅ ትቶ ለሞተና ለብቻው ይኖር ለነበረ ሰው እኩል ሲሰጥ «ይህ እኩል ነው?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ነው ውሳኔው በአደባባይ መሆን ያለበት።

የ2013 ዓ.ም.ቱ ስምምነት የተተቸውም በዚሁ በኩል ነው። ቤተሰቦቹ ስምምነቱ ሲደረግ አልተጠየቁም፣ አልተሰሙም። ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተከራክረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዳኛ ሪድ ኦኮነር ሟቾቹ በሕግ ፊት የወንጀል ተጎጂዎች ናቸው፣ ቤተሰቦቻቸውም የመጠየቅ መብት ነበራቸው ሲሉ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ግን ስምምነቱን ለመክፈት ሥልጣን የለኝም አሉ። በመጨረሻም ሌላ ስምምነት ተደርጎ፣ ለቤተሰቦቹ 444.5 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ያው ዳኛ ክሱን ዘጉት። እንግዲህ ገንዘቡ ተከፈለ፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ግን እስከ መጨረሻው ሲሉ የነበሩት «ሳንሰማ ተወሰነብን» ነው። የገንዘቡ ብዛት ያለመሰማትን ቁስል አያሽረውም።

ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር

አንዳንዴ ደግሞ ይባስ ብሎ የተከፈለው ገንዘብ ለባለቤቱ ሳይደርስ ይቀራል። የላየን ኤር ሟቾችን አንዳንድ ቤተሰቦች ወክሎ ከቦይንግ ጋር የታረቀው የሎስ አንጀለሱ ስመ ጥር ጠበቃ ቶማስ ጂራርዲ ነበር። ቦይንግ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ግን የቺካጎው ዳኛ ቶማስ ደርኪን ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ አለመድረሱን ሲያውቁ የጠበቃውን ንብረት አገዱ። ሰውየው በሌሎች ደንበኞቹ ገንዘብ ላይ በፈጸመው ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2024 ጥፋተኛ ተብሎ በ2025 ከ7 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት።

ከአህጉራችንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮቦ ኮአላ ከተባለች መርከብ የወጣ መርዛማ ቆሻሻ አይቮሪ ኮስት ዋና ከተማዋ በነበረችው አቢጃን ተደፋ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ተጎጂዎች ለንደን ውስጥ ትራፊጉራን ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ታረቁ። ለአንድ ሰው 750,000 ሴፋ ፍራንክ ይደርሰው ነበር። ገንዘቡ አቢጃን ባንክ ከገባ በኋላ ግን «የተጎጂዎች ወኪል እኔ ነኝ» የሚል ማኅበር ብቅ አለ፤ እዚያው ያለ ፍርድ ቤትም ገንዘቡ ለማኅበሩ እንዲተላለፍ አዘዘ። ዞሮ ዞሮ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች ድርሻቸው ሳይደርሳቸው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተጎጂዎቹን የወከለው የሕግ ድርጅት ለገንዘቡ ደኅንነት የሚገባውን ጥንቃቄ አላደረገም ሲል ወሰነ። «30 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ» ብሎ ዜናውን በ2009 የዘጋ ጋዜጠኛ ታሪኩን ግማሽ ላይ ጥሎታል ማለት ነው።

የእኛ ሕግስ?

የእኛም ሕግ ለቡድን ክስ በሩን ጨርሶ አልዘጋም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማኅበር ለአባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያለውን ቡድን የሚወክል ሰውም ለቡድኑ ፍትሕ መጠየቅ ይችላል ይላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38ም በአንድ ጉዳይ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሊከራከሩ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሁሉም ለመወከል መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ ማረጋገጥ አለበት። በአሜሪካ «አልፈልግም» ያላለ ሁሉ በቡድኑ ውስጥ ይቆጠራል፤ በእኛ ግን «እሺ» ያለው ነው የሚቆጠረው። ከብልባላ እስከ ገነተ ማርያም ተበትኖ የሚኖር ገበሬ ሁሉ እሺ ማለቱን ለማረጋገጥ ስንት ተራራ መውጣት እንደሚያስፈልግ የላስታ ሰው ያውቀዋል። ጥቅሙ ሳያውቅ የሚወከል ሰው አለመኖሩ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ሩቅ ያለው ሰው ጭራሹን ውጭ መቅረቱ ነው።

ዕርቅን በተመለከተ ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 ጀምሮ ይደነግጋል። ተከራካሪዎቹ ስምምነታቸው በፍርድ ቤት እንዲመዘገብላቸው ሲጠይቁ ዳኛው ከሕግና ከሞራል ጋር የማይቃረን መሆኑን አይቶ ይመዘግባል። ድርሻው በተወካዮቹ መካከል እንዴት ይከፋፈላል ብለህ መርምር የሚል ቃል ግን የለውም። ለሁለት ሰዎች ክርክር ይህ ይበቃል። ለሁለት ሺህ ሰዎች ግን ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ዳኛ ይቀራል።

እኛ አገር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ካሣ የሚቀበለው በአብዛኛው መሬት ወይም ቤት ለልማት ሲነሣ ነው። ላሊበላ ላይም ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበሩ ብዙ ቤቶች ተነሥተው ነዋሪው ኩራኩር ወደሚባለው ሰፈር ሄዷል። ያኔ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ሲሆን ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተክቷል። በዚህኛው አዋጅ ቅር የተሰኘ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት፣ ከዚያም በይግባኝ መሄድ ይችላል። ጥሩ ነው። ግን አቤቱታ የሚያቀርበው ያወቀ ሰው ነው። ያላወቀስ?

ይህን ከቤተሰቤ አውቀዋለሁ። የአያቴ ቤት ሲነሣ ካሣው በታላቅ አጎቴ ስም ወጣ። አጎቴ አላጭበረበሩም፤ ላሊበላ ያሉትን ወንድሞቻቸውን ጠርተው እኩል ተካፈሉ። ወልድያ የምትኖረው ትንሿ አክስቴ ግን አልተጠራችም። አያቴን በመጨረሻ ሕመማቸው ወስዳ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። የሰማችው ከወራት በኋላ ለተዝካር ስትመጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ መሶብ አልበሉም። ሽማግሌ ገብቶ ሁሉም በተገኙበት ክፍፍሉ እንደ አዲስ ሲታይ ለአክስቴ የተሰጣት ብር ብዙ አልነበረም። እሷም ብሩን አላነሣችም፤ «መጠራት ነበረብኝ» ነው ያለችው። በዚያ ቤት ስለ ካሣው ማነስ አንድም ቀን ክርክር ሲነሣ አልሰማሁም።

እንዲያውም ገጠሩ ይህንን በሌላ መንገድ ይሠራበታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላስታን በመሰሉ የምግብ እጥረት ያለባቸው ወረዳዎች ሴፍቲኔት ሲገባ፣ በመመሪያው መሠረት የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር በየጎጡ ለሕዝብ ይነበባል፤ «እሱ በሬ አለው»፣ «እሷ የሙት ልጆች ታሳድጋለች ለምን ቀረች?» ይባላል፤ ያልረካ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። አሠራሩ በሁሉም ቦታ እንደ ተጻፈው ይፈጸማል ለማለት አይደለም። ሐሳቡ ግን የአሜሪካው ዳኛ ከሚከፍተው ችሎት ጋር አንድ ነው፦ ከመከፋፈሉ በፊት ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበብ፣ የሚቃወም ይሰማ።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

ስለዚህ ነገ የካሣ ዜና ለመሥራት ስንላክ ማስታወሻ ደብተራችን ላይ እነዚህን ብንጽፍ እላለሁ።

1. ተጎጂዎቹ ስንት ናቸው? ዝርዝሩን ማን አወጣው?
2. የአከፋፈሉ ቀመር ምንድን ነው? እኩል፣ እንደ ጉዳቱ ወይስ እንደ ችግሩ? ምክንያቱስ ተጽፏል?
3. ክፍፍሉን ከከፋዩና ከተቀባዮቹ ወኪል ውጭ የሆነ ማን አየው?
4. ጠበቃው፣ ኮሚቴው ወይም ማኅበሩ ለራሱ ስንት ወሰደ?
5. ያልተጠራ ሰው አለ? በምን መንገድ ተነገረው? ማንበብ የማይችል፣ ከከተማ የራቀ፣ የታመመ ሰው እንዴት ይሰማል?
6. ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በእጁ ገባለት?

ስድስተኛው ጥያቄ ተመልሶ መሄድን ይጠይቃል። አርታኢው «ያ ዜና እኮ አርጅቷል» ሊል ይችላል። ገንዘቡን እየጠበቀ ላለው ሰው ግን አላረጀም። በሕግ በኩል ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ቢታሰብበት ጥሩ ነው፦ ብዙ ሰዎች በወኪል የተካተቱበት ዕርቅ ሲመዘገብ ዳኛው የክፍፍሉን ዝርዝር እንዲጠይቅና ከመጽደቁ በፊት በአካባቢው እንዲነበብ ቢደረግ። ይህን የሕግ ትምህርት ክፍል ወዳጆቻችን ከእኛ በተሻለ ሊያብራሩት ስለሚችሉ፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ቢኖር በሚቀጥለው እትም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

ቸር እንሰንብት።